ከማንኪያው ጀርባ

እንግሊዞች አንድን ሥራ «የእገሌ ሆልማርክ አለበት» ሲሉ የባለሙያው መለያ ጠባይ ይታይበታል ማለታቸው ነው። ጋዜጦቻቸውማ ለቦምብ ጥቃት ሳይቀር ይጠቀሙበታል። አባባሉ («ሆል» አዳራሽ፣ «ማርክ» ምልክት ነው) የወጣው ከለንደኑ የአንጥረኞች ማኅበር አዳራሽ ነው፤ ከ1478 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንጥረኛው የብር ዕቃውን እዚያ ወስዶ ማስፈተንና ምልክት ማስመታት ነበረበት። ስለዚህ ሆልማርክ ሠሪው ራሱ በሥራው ላይ የሚያትመው ጠባይ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ፈትኖ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። የዛሬው አነጋገር ይህንን መጣሉ ያሳዝነኛል።

በ1770ዎቹ የተሠራ የለንደን ማንኪያ ካጋጠማችሁ ገልብጡት። እጀታው ቀጥኖ ወደ ጎድጓዳው በሚጠጋበት ቦታ ጥቃቅን ምልክቶች ተደርድረዋል፦ ዘውድ የደፋ የነብር ራስ፣ የዓመቱ ፊደል፣ የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት። ማንኪያው የአንጥረኛዋ የሔስተር ቤትማን ከሆነ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1761 ያስመዘገበቻቸው ሁለት ፊደላት እንደ እጅ ጽሑፍ ተጠማዝዘው ይታያሉ። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው አብሯቸው በተመታው አንበሳ ላይ ነው። ከ1,000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ ሆኖም በማጉያ መነጽር ሲታይ የፊት እግሩን አንስቶ ይራመዳል፣ ጅራቱም ወደ ላይ ተቆልምሟል። ቀራጩ ይህን ሁሉ በመምቻው ብረት ጫፍ ላይ ግራና ቀኙን አገላብጦ፣ ወደ ውስጥ ቦርቡሮ ነው የሠራው፤ ብሩ ላይ ሲመታ ጎልቶ እንዲወጣ።

ዕቃው ከመመታቱ በፊት ፈታኙ ጥቂት ፍቆለት ይመዝን፣ በእርሳስ ጠቅልሎም ከአጥንት አመድ በተሠራች ጽዋ ምድጃ ይከት ነበር። እርሳሱ ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ ይዞ አመዱ ውስጥ ይሰርጋል፤ የቀረችው የብር እንክብል ትመዘን ነበር። ያልበቃ ዕቃ ይሰበር ነበር።

ቀጭን እጀታ ሲመታ ግን ጎንና ጎኑ ያብጣል። አንጥረኛውም ማንኪያውን ተረክቦ በመዶሻ ያስተካክለው ነበር፤ በዚያ ዘመን ማንኪያዎች ላይ አንበሳው ብዙ ጊዜ ተጨምቆ የሚታየው ለዚህ ነው። ኋላ ምልክቶቹ ሰፊ ወደ ሆነው የእጀታው ጫፍ ተዛወሩ።

በ1720 በብር ዕቃ ላይ ቀረጥ ሲጣል አንዳንዶች ቀረጡን ለመሸሽ ትንሽ ዕቃ አስመትተው፣ ምልክቱን ቆርጠው ትልቅ ማሰሮ ላይ በየዱት። ስፌቱ በዓይን አይለይም፤ የብር ነጋዴ ግን ትንፋሹን እፍ ሲልበት መስመሩ ብቅ ይላል። ሌቦች ናቸው፤ ብየዳቸው ግን ያስቀናል።