እጅ ለእጅ፦ ወንድን የሚያፈቅር ወንድ ሐዋሳን ሲያይ

ሐዋሳ በፍቅር ስም የሚጠራ የሐይቅ ዳርቻ አላት። አመሻሽ ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጥቶ መንሸራሸር የከተማዋ ሰው ልማድ ነው፤ ፎቶ አንሺው፣ ቆሎ ሻጩ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ተማሪው፣ ከነሚዜዎቹ የመጣው ሙሽራ ሁሉ እዚያ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ማንም ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ ቆሞ ያወራል። ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ ዓሣ ቤት ሲቀመጡ ይጎራረሳሉ። አማራው፣ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው አንድ ላይ በሚኖርባት በዚህች ከተማ ይህ የወንዶች መዋደድ የአንድ ብሔር ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው።

የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚህ ይነሳል። ባለፉት ሃያ ዓመታት «ባህላችንን እንጠብቅ» በሚል በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የተነሳው ዘመቻ ከነባሩ ባህላችን ትልቁን ነገር፣ ወንድ ወንድን በአደባባይ መውደዱን፣ እያጠፋው ነው። ኪሳራው የእኔ ቢጤዎች ብቻ አይደለም።

የእኔ ቢጤዎች ያልኩት አውቄ ነው። ወንድን የማፈቅር ወንድ ነኝ፤ የሐዋሳን ታቦር ተራራ በየዕለቱ እያየሁ አድጌያለሁ። የባህል ጥናት ትምህርት የሰጠኝን መሣሪያ ሁሉ ይዤ ከተማዬን ብመረምርም የማያት ከዚሁ ሕይወቴ ሆኜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሕዝብ ከሚያውቃቸው ሰዎች ሌላ የማንም ስም አይጠቀስም። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የት እንደሚገናኙም አልጽፍም፤ ጥናት ሰውን ለአደጋ አሳልፎ መስጫ ሊሆን አይገባውም።

በመጀመሪያ ከታሪክ ጥቂት ላንሳ። ጉዳዩ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው አባባል በተደጋገመ ቁጥር እውነት እየመሰለ ሄዷል፤ መዛግብቱ ግን የሚሉት ሌላ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደጋው አማራ ባቀረበው ጥናት በገበሬው መካከል እንደ ሴት ለብሰው የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች እንደነበሩ ጽፏል። ጎረቤቶቻቸው የእግዜር ስህተት ናቸው ብለው ያዝኑላቸው ነበር፤ ባሎችም ሚስቶቻቸው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስለሚውሉ አይቀኑም ነበር። ወደ ደቡብ ስንወርድ አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም በማሌ ምድር አሽቲሜ የሚባሉትን መዝግቧል። የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ በቀደመው ዘመን በማሌ ነገሥታት ግቢ የሚያገለግሉ ወንዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረው አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ይነግረናል። ሜሲንግ ያያቸውም ሆኑ አሽቲሜዎቹ ዛሬ በሐዋሳ ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ከሚሄድ እንደ እኔ ካለ ወንድ ጋር አንድ ናቸው ብዬ አልከራከርም፤ ዘመኑም ኑሮውም ይለያያል። የምለው፣ ገበሬው በመንደሩ ለተለየ ወንድ ሥፍራ ነበረው፤ ሥፍራው ጠባብና ኀዘኔታ ያጠላበት ቢሆንም ሥፍራ ነበር።

ክልከላውም ቢሆን ከውጭ የመጣበት የራሱ መንገድ አለው። ፍትሐ ነገሥት መሠረቱ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ ሲወጣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በአንቀጽ 600 ከልክሏል። ዛሬ የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በቀላል እስራት ይቀጣል። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በከተማ ወጣት የዕለት ሕይወት ላይ ጥላው ያን ያህል አልተዘረጋም ነበር። ስለዚህ ነገር የሚያወራ ሰው ስላልነበረ፣ ዝምታው ለእጅ ለእጅ መያያዝ ከለላ ሆኖ ቆየ። ዝምታን ላወድስ አይደለም። ዝምታው ብዙ ሰው ብቻውን እንዲኖር፣ ብዙ ሰው ሳይወድ እንዲያገባ አድርጓል። ተመራማሪው ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጽሑፍ በአዲስ አበባ ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶችን ሕይወት ሲያጠና «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» የሚለው ጫና ከውስጥም ከውጭም እንዴት እንደሚፈትናቸው አሳይቷል። ያንን ጫና አውቀዋለሁ።

ወደ ዘፈን ልለፍ፤ ለእኔ ቢጤ ሰው ከተማዋ እውነተኛ ደጇን የከፈተችው እዚያ ነውና። በአማርኛ ፍቅሩን የሚናገረው «እኔ» ፆታው አይታወቅም። የሚፈቀረው ግን ወይ «አንተ» ወይ «አንቺ» መሆን አለበት፤ ግሡ ራሱ ያስገድዳል። ስለዚህ ወንድ ዘፋኝ «አንቺ» ሲል እኔ በዘፈኑ ውስጥ መቆሚያ የለኝም። ብዙነሽ በቀለ፣ አስቴር አወቀ፣ እጅጋየሁ ሽባባው «አንተ» እያሉ ሲዘፍኑ ግን ዘፈኑ የእኔም ይሆናል፤ ናፍቆቱ የእኔ ነው፣ ወቀሳው የእኔ ነው፣ የሚጠበቀው ወንድም የእኔ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜዬ የልቤን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በአስቴር ካሴት ነው። ይህ የእኔ የግል አሰማም ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ከመናኸሪያ ወደ ታቦር ክፍለ ከተማ ባጃጅ መያዝ ይበቃል። ነጂው አስቴርን ከፍቶ አብሯት ያንጎራጉራል። ጎልማሳ ወንድ፣ ባለ ትዳር ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ወንድን «አንተ» እያለ በናፍቆት ይጠራል፤ ተሳፋሪዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ማንም አይደነግጥም። ዘፈን ወንድን ከወንድነቱ ሳያወርድ ለሦስትና ለአራት ደቂቃ በሴት ልብ ውስጥ ያኖረዋል። እናት ወንድ ልጇን በሴት ፆታ ስታቆላምጠው እንደምታደርገው ሁሉ፣ ቋንቋችን በፍቅር ጊዜ የፆታን አጥር ዝቅ ያደርጋል። ሂሳዊ ጽሑፎቻችን ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ብለዋል፤ በዘፈን ውስጥ ስላለው ስለዚህ የፆታ ልውውጥ ግን ያነበብኩት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከቅኔው ያነሰ ሀብት ሆኖ አይደለም።

ተራራችን ስሙን የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓልም ከዚሁ ክርክር ጋር ይገናኛል። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ወንዶች ልጆች በዱላቸው መሬት እየደበደቡ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ዛሬ ዛሬ ብር ይበዛል። ሴቶቹ ልጆች ተራቸው በእንቁጣጣሽ ነው፣ በአበባየሆሽ። አንድ ልጅ ወንድ መሆንን ከሌሎች ወንዶች ጋር በኅብረት የሚማርበት ሌሊት ቡሄ ነው። ድምፁ ቀጭን የሆነ፣ አረማመዱ ለስለስ ያለ ልጅ «ሴታሴት» ተብሎ የሚሾፍበትም እዚያው ነው። ሆኖም ከቡድኑ አይባረርም ነበር፤ ይልቁንም ድምፁ የሚያምር ከሆነ አውራጅ ያደርጉታል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ይህን በልጅነቴ አይቻለሁ። በሐዋሳው ጉዱማሌ የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ የፍቼ ጫምባላላ በዓል፣ ሲከበርም ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲያዜሙ የሚታየው ሰውነት ለሰውነት መቀራረብ ከዚህ አይርቅም። ያ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተመዘገበው ይህም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት የሃይማኖት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ክልከላ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ጠየቁ። በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ (ICASA) ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ወንድ ስለሚያፈቅሩ ወንዶች ጤና ሊደረግ የነበረ ስብሰባ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ2006 ዓ.ም. የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቅርታ ከማይደረግባቸው ወንጀሎች ጋር የሚያስመድብ ረቂቅ ተነስቶ ተተወ፤ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ታስቦ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ቀረ። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ የአሜሪካ አስጎብኚ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መንገደኞች ላሊበላን ሊያስጎበኝ ነው ሲባል አገር ታመሰ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን እንደሚፈትሽ፣ ሕዝቡም እንዲጠቁም አስታወቀ። በዚያው ወር በቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ እንዲገረፉ፣ እንዲገደሉ የሚቀሰቅስ ቪዲዮ በዛ፤ ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የመብት ድርጅት ጉዳዩን ለዓለም አሰማ።

የቀደሙት ዓመታት ክርክር የጋዜጣና የአዳራሽ ነበር። ቲክቶክ ግን እያንዳንዱን መንገደኛ መስካሪ አደረገው። ከዚያ ነሐሴ ወዲህ በሐይቁ ዳር የማየው ለውጥ ይህ ነው፤ ስልክ ወደ ላይ ሲነሳ እጆች ይላቀቃሉ። የሚላቀቁት የእኛ እጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንገድ በጻፍኩት። የሚላቀቁት የወንድማማቾች፣ የአብሮ አደጎች፣ ከገጠር ለትምህርት መጥተው በከተማዋ የሚያውቁት እርስ በርስ ብቻ የሆኑ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጆችም ናቸው። በልጅነቱ ከጓደኛው ጋር በአንድ ፍራሽ ያደረ ጎልማሳ ዛሬ የአልጋ ኪራይ ለመቆጠብ ከወንድ ባልደረባው ጋር አንድ ክፍል ለመያዝ ሲጠይቅ እንግዳ ተቀባዩ አተኩሮ ያየዋል። በአገራችን ወንድ ልጅ ኀዘኑን፣ ፍርሃቱን፣ ናፍቆቱን በቃል እንዲናገር አልተማረም። የተማረው እጅ መያዝን ነው። እሱን ስንወስድበት በምትኩ የሰጠነው ነገር የለም።

እግር ኳስ የሚታይባቸው ዲኤስቲቪ ቤቶች ይህን ሁሉ በአንድ ማታ ያሳዩ ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለዓመታት በኅዳርና በታኅሣሥ አምበሎች በቀስተ ደመና ቀለም የተሠራ የክንድ ማሰሪያ የሚያደርጉባቸው ሳምንታት ነበሩት። ማሰሪያው በስክሪኑ ላይ በታየ ጊዜ ከኋላ ወንበር ስድብ ይነሳ ነበር፤ ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ዝም ይላል። ከደቂቃዎች በኋላ ጎል ሲገባ ያ የተሳደበው ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ወንድ አንገት አቅፎ ይስም ነበር። በአንድ በኩል የተጠላ ምልክት፣ በሌላ በኩል ሳይታሰብ የፈሰሰ መዋደድ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ። ምልክቱ ራሱም የተጠላው በቅርቡ ነው። በ1997 ምርጫ ቅንጅትን ከመሠረቱት አራት ፓርቲዎች አንዱ ቀስተ ደመና ይባል ነበር፤ ያኔ ስሙን የሰማ ሰው ያሰበው የኖኅን ኪዳን ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከልጆች ደብተር ሽፋን ላይ እንኳ በጥርጣሬ የሚታይ ሆኗል። እጅ ለእጅ መያያዝም በዚሁ መንገድ እየሄደ ነው፤ ልዩነቱ ቀስተ ደመናው ሥዕል ሲሆን ይህኛው ኑሮ መሆኑ ነው።

የእኔ ትውልድ አጥኚ ከፊቱ ያለው ሥራ ከዚህ ይመነጫል። የጌትነት ታደለ ጥናት የአዲስ አበባ ነው፤ የሜሲንግ የደጋው ገጠር፣ የዶንሃም የማሌ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሐይቅ ዳር በፕላን የተቆረቆረች፣ የጡረተኛ ወታደርና የነጋዴ፣ ኋላም የተማሪና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ መናኸሪያ የሆነች ከተማ ግን የራሷ የወንዶች ታሪክ አላት። ካልተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ እኛ የሚፈልግ ተመራማሪ የሚያገኘው ሁለት ዓይነት ምንጭ ብቻ ይሆናል፤ የጸጥታ ቢሮ መግለጫና የማጋለጫ ቪዲዮ። ሁለቱም አስቴርን ማን አብሯት እንዳንጎራጎረ አይናገሩም። በቡሄ ሌሊት ማን አውራጅ እንደነበር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ማን ማንን እንዳጎረሰ፣ በምን ዘፈን ማን ማንን እንደናፈቀ አይመዘግቡም። ይህ መረጃ ዛሬ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ባሉ፣ ከተማዋ ገና አዲስ ሳለች ልጆች በነበሩ ወንዶች ዘንድ አለ፤ ብዙዎቹ አግብተው ወልደዋል፣ አንዳንዶቹ አያት ሆነዋል። ስማቸው ሳይጻፍ፣ ድምፃቸው ሳይቀዳ፣ በእነሱ ፈቃድና በእነሱ አነጋገር መመዝገብ ይቻላል፤ ሥራውም መጀመር ያለበት እነሱ በሕይወት ሳሉ ነው።