ጭንቀት ወንበር ሲሰጣት

«ኢንሳይድ አውት 2»ን (2024 እ.ኤ.አ.፣ ዳይሬክተር ኬልሲ ማን) ያየሁት ከልጆች አገልግሎታችን ሕጻናት ጋር ነው። ላስተምርበት አስቤ ነበር፤ በይበልጥ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ።

ራይሊ 13 ዓመት ሞልቷታል። ለሦስት ቀን የሆኪ ሥልጠና ስትሄድ፣ ሁለቱ የልብ ጓደኞቿ ወደ ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ትሰማለች። በአእምሮዋ ውስጥ ብርቱካናማዋ ጭንቀት ሻንጣዎቿን ተሸክማ ከች ብላለች። ፊልሙ ለልጅ የሚገባ ልዩነት ያስቀምጣል፤ ፍርሃት የሚጠብቃት ከሚታየው ነገር ነው፣ ጭንቀት ደግሞ ገና ከማይታየው። ክፉ አይደለችም። ራይሊን ትወዳታለች፣ ነገ እንዳትጎዳ ትሯሯጣለች። ሠራተኞች አስቀምጣ ሊደርስ የሚችለውን መጥፎ ነገር ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ በሥዕል ታስነድፋለች። ይህን ያየ ልጅ ለምን እንቅልፍ እምቢ እንደሚለው ይገባዋል።

ከሁሉ የሚልቀው የቅጣት ሳጥኑ ትዕይንት ነው። ራይሊ ጓደኛዋን ገጭታ ለሁለት ደቂቃ ከጨዋታ ትወጣለች። ደረቷ ይጠብባታል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ውስጥ ጭንቀት መቆጣጠሪያውን እንደያዘች እንደ አውሎ ነፋስ ትሽከረከራለች፤ ልልቀቅ ብትልም አልሆነላትም። እዚህ ላይ ማንም አይሰብክም። ልጅቷ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ትዳስሳለች፣ የፀሐዩ ብርሃን ይሰማታል፣ ትንፋሿ ይመለሳል።

ቅር ያሰኙኝ አዋቂዎቹ ናቸው። ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፤ አሠልጣኟም በይበልጥ የምታስፈራ ሰው ሆና ነው የቀረበችው። የስምንት ዓመት ልጅ ከዚያ ሳጥን ብቻውን ይወጣል ብዬ አላምንም።

በዚህስ እኛ እንሻላለን? የፈራ ልጅ ሲመጣ ጥቅስ አስይዘን እንሸኛለን፤ ጭንቀቱ ላይ የእምነት ማነስ ጥፋተኝነት ጨመርንበት ማለት ነው። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር። ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ» ዓይነት ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ፣ ኮሬብ ላይ ነው።

በፊልሙ መጨረሻ ጭንቀት አትባረርም። ምቹ ወንበር ተሰጥቷት፣ ስለ ነገው የስፓኒሽ ፈተና እንድታስብ ይነገራታል።

ሲያልቅ አንዲት ትንሽ ልጅ እጄን ይዛ፣ «የእኔዋ መብራት ሲጠፋ ነው የምትመጣው» አለችኝ። ወንበሯን የት እናስቀምጥላት ብዬ ጠየቅኳት።

«እናቴ አልጋ አጠገብ።»