ፍርሃትና አጥሩ

ከእራት በኋላ በምድጃ ዙሪያ የተሰበሰቡ ልጆች አያታቸውን ተረት ሲለምኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ጅብ ያለበትን ነው። አያት ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ልጆቹ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ትንሹ ጆሮውን በእጆቹ ይደፍናል፤ ነገር ግን በጣቶቹ መካከል መስማቱን አይተውም። ተረቱ ሲያልቅም ከሁሉ ቀድሞ «ይድገሙልን» የሚለው እሱ ነው። ያው ልጅ በሌሊት ከጓሮ የእውነተኛ ጅብ ጩኸት ቢሰማ ግን እናቱ ጉያ ውስጥ ይወሸቃል እንጂ ይደገምልኝ አይልም።

ስለዚህ ሰው መፍራት ይወዳል ብሎ መደምደም በቂ መልስ አይሆንም። መጠየቅ የሚገባው፣ የትኛውን ፍርሃት፣ በምን ሁኔታ ሲቀርብለት ይወዳል የሚለው ነው። ጥያቄው የሥነ ልቡና ቢሆንም መልሱ ለኪነ ጥበብም መመዘኛ ይሆናል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰዎች በእውን ሲያዩአቸው የሚዘገንኑአቸውን ነገሮች፣ ሬሳን ሳይቀር፣ በጥንቃቄ ተሥለው ሲያዩአቸው እንደሚደሰቱ አመልክቷል። ትራጄዲም ርኅራኄንና ፍርሃትን ቀስቅሶ ወደ መንጻት ያደርሳል ብሏል፤ የዚህ መንጻት ምንነት ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1757 ኤድመንድ በርክ ስለ ግርማና ስለ ውበት ባሳተመው ድርሳን ወደ ነገሩ ይበልጥ ቀረበ። አደጋ እጅግ ሲጠጋ የሚሰጠው ሥቃይን ብቻ ነው፤ በተወሰነ ርቀት ሲቆም ግን ሊያስደስት ይችላል ሲል ጻፈ።

የዘመኑ ሳይንስ ይህን ርቀት በሰው አካል ላይ ለመለካት ሞክሯል። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን በደሙ ውስጥ ይሠራጫል፤ ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ጡንቻው ለሽሽት ወይም ለትግል ይወጠራል። በተመልካች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አካሉ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አእምሮው ደግሞ «ይህ ጨዋታ ነው» እያለ ያረጋጋዋል። አስፈሪው ነገር ሲያልፍ የተቀሰቀሰው ኃይል ወዲያው ስለማይበርድ ወደ ሳቅና ወደ እፎይታ ይዞራል። በዴንማርክ ሰውን ለማስፈራት ተብሎ በተሰናዳ ቤት ውስጥ፣ 110 ጎብኚዎች የልብ ምት መለኪያ ታጥቀው የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናትም ደስታና ፍርሃት አብረው እስከ መጨረሻው እንደማይጓዙ አሳይቷል። ፍርሃቱ ሲያንስ ጎብኚው ይሰለቻል፤ ሲበዛም ደስታው ይጠፋል፤ ከፍተኛው ደስታ የሚገኘው በመካከል ነው።

ይህን መካከለኛ ስፍራ ፈልጎ ማግኘት የከያኒው ሥራ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው «ሳይኮ» የተሰኘው ፊልም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ተመልካቹ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት ብሎ ልቡን የሰጣት፣ በታዋቂዋ ተዋናይት በጃኔት ሊ የተወከለችው ሴት፣ ታሪኩ ገና ሳይጋመስ በገላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ትገደላለች። ግድያው በፊልሙ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለቱ ሥጋ ሲቆርጥ ይታያል ለማለት አይቻልም፤ ፊልሙም በጥቁርና በነጭ የተነሣ ስለሆነ የደም ቅላት የለም። የተቆራረጡት ምስሎችና በርናርድ ኸርማን ለባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የደረሰው ሙዚቃ ተመልካቹን እየገፋፉ፣ ያላየውን ቁስል በራሱ ሕሊና እንዲሥለው ያደርጉታል። ዋናይቱ እስከ ፍጻሜው ትኖራለች የሚለው ልማዳዊ እምነት ተመልካቹ ተማምኖ የተጠለለበት አጥር ነበር። ሂችኮክ ይህን አጥር ያጠበዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ መጋረጃውና ወንበሩ በቦታቸው ናቸው።

ይኸው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው የፊልም ሰው ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ሲወያይ፣ በድንጋጤና በልብ ሰቀላ መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረድቷል። ሰዎች ስለ ተራ ነገር በሚጨዋወቱበት ጠረጴዛ ሥር የተቀበረ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንዶች ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ተራ ጨዋታ ለብዙ ደቂቃዎች ልቡን ሰቅሎ ይይዘዋል። በየጥጉ ጩኸትና ደም የሚያከማቹ ሥራዎች ድክመት ከዚህ ላይ ይገለጣል። ተመልካቹን ያስበረግጉታል፤ ስለ ማንም ሕይወት እንዲሰጋ ግን አያደርጉትም። ሳይሰጋ የበረገገ ሰው ደግሞ ከአዳራሹ ሲወጣ የሚያስታውሰው ነገር የለውም።

«ሳይኮ»ም ቢሆን ከነቀፌታ አያመልጥም። በመጨረሻው ላይ አንድ ሐኪም የነፍሰ ገዳዩን የአእምሮ ሁኔታ በረጅም ንግግር ይተነትናል፤ በዚህም እስከዚያ ድረስ የተገነባው ፍርሃት ይቀዘቅዛል። ሂችኮክ ከንግግሩ በኋላ የገዳዩን ፈገግታ በማሳየት የጠፋውን ለመመለስ ባይጥር ኖሮ ፍጻሜው የመማሪያ ክፍል ማስታወሻ በሆነ ነበር። ጉድለቱ ታሪኩን መዝጋቱ አይደለም፤ መዝጋትንና መተንተንን ማደባለቁ ነው። አያት ተረታቸውን ሲጨርሱ አድማጩን በተለመደው የመዝጊያ ቃል ያሰናብቱታል እንጂ ጅቡ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አያብራሩም።

ከዚህ ሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት፣ አጥሩ ለሁሉም ሰው እኩል የጸና አለመሆኑ ነው። ጦርነትን ያየ፣ ቤቱ በሌሊት የተንኳኳበት፣ ወገኑን በግፍ ያጣ ሰው በመድረክ ላይ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ «ይህ ጨዋታ ነው» የሚለው ድምፅ ላይደርስለት ይችላል። ለሌላው ልብ ሰቀላ የሆነው ለእርሱ ትዝታ ነው። ይህ ማለት ኪነ ጥበብ መራራውን ታሪክ አይንካ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ያ ሰው ሕመሙ ቅርጽ ይዞና ትርጉም አግኝቶ እንዲመለከተው ከማንም ይልቅ ይፈልግ ይሆናል። የተፈጸመ ግፍን ለማስበርገጊያ ብቻ የሚጠቀም ደራሲ ግን ከዚህ ተመልካች ላይ ደስታውን ብቻ ሳይሆን መጠለያውንም ይነጥቀዋል። የአስፈሪ ድርሰት ሐያሲም ሥራው ምን ያህል አስፈራ ከማለቱ በፊት፣ ያስፈራውን ሰው በምን አኳኋን ወደ ቤቱ መለሰው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ባለ ተረቶቹ ይህን ጥበብ ከሳይንሱ ቀድመው ያውቁት ነበር። «ተረት ተረት» ብለው ሲጀምሩ አድማጩ ቃሉን ተቀብሎ ይመልሳል፤ በዚህም ወደ ጨለማው የሚገባው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን ያረጋግጣል። ጅቡ የቱን ያህል ቢጠጋ እሳቱ አልጠፋም፤ የአያትም ጉልበት ቅርብ ነው። ልጁ በዚያች ሰዓት የሚለማመደው ፈርቶ አለመጥፋትን ነው። «ይድገሙልን» የሚለውም ለዚህ ነው፤ ደርሶ የተመለሰበትን መንገድ አሁንም ሄዶ ሊመለስበት ይሻል።