በካርዱ ሆድ ውስጥ

የመሥሪያ ቤቴ በር የሚከፈተው በነጭ ካርድ ነው። ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ስዞር ከፕላስቲክ የተለየ ነገር መስሎኝ አያውቅም። አንድ ማታ መብራት ሄደና የስልኬን ባትሪ አብርቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ካርዱ ብርሃኑ ላይ አረፈ። ነጩ ፕላስቲክ ወገግ ሲል በውስጡ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ የሚዞር ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ።

ተጠግቼ ቆጠርኩት፤ አራት ዙር ነው። የመዳብ ሽቦ ነው፤ ከፀጉር እምብዛም አይወፍርም። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ሳይሰበር ለስለስ ብሎ ይታጠፋል። ዙር ከዙር አይነካካም፣ ክፍተቱም አይዛነፍም፤ እጁ የሰላ ሸማኔ የጣለው ጥለት ነው የሚመስለው። ሁለቱ ጫፎቹ ከባቄላ ፍሬ በማትበልጥ ጥቁር ቦታ ላይ ያርፋሉ። ቺፑ ያለው እዚያች ውስጥ ነው።

ሌላ ምንም የለም። ባትሪ ድንጋይ የሚባል ነገር አልገባበትም። ታዲያ በሩን የሚያናግረው በምን ጉልበት ነው?

ጉልበቱን የሚሰጠው በሩ ራሱ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ማንበቢያ በሆዱ ሌላ ጥቅል ሽቦ አለው፤ በዚያ ውስጥ በሰከንድ 13.56 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ዙሪያውን የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ የካርዱን ሽቦ ሲያቋርጥ እዚያም ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው። የእጅ ሥራው ግን ቅኝቱ ላይ ነው። በአንድ ቅኝት ከተወጠሩ ሁለት ክራሮች አንዱ ሲመታ የሌላው ጅማት ይንቀጠቀጣል፤ የካርዱም ሽቦና ቺፑ ውስጥ ያለችው ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ለማንበቢያው ምት እንዲስማሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። አራት ዙር የሆነውም ለጌጥ አይደለም። ዙሩ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ቅኝቱ ይፈርሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ንግግራቸው ነው። በብዛት በሚሠራበት «ዓይነት ኤ» በሚባለው አሠራር ማንበቢያው የሚናገረው ዝም እያለ ነው። መስኩን ለሁለት ወይም ለሦስት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ቆረጥ ያደርገዋል፤ መልእክቱ ያለው ዝምታዎቹ በሚውሉበት ቦታ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ካርዱ የሚኖረው በዚያው መስክ ነው። ማንበቢያው በተናገረ ቁጥር የካርዱ እስትንፋስ ይቋረጣል ማለት ነው። ስለዚህ ቺፑ በጥቂቱ ያጠራቀመውን ይዞ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፣ መስኩ ሲመለስ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይውጣል። ይህን ያለ ስህተት የሚያደርግ ነገር ቦርሳ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ሲንገላታ ይውላል!

መልሱም እንዲሁ ቁጥብ ነው። ካርዱ የራሱን ሞገድ አይልክም። ከመስኩ የሚወስደውን ጭነት አንዴ ከበድ አንዴ ቀለል ያደርገዋል፤ ማንበቢያውም በራሱ ሽቦ ላይ የምትሰማውን ያቺን ኢምንት ለውጥ ያነባል። በአንድ ገመድ የታሰረ ሰው ገመዱን ሳብ ለቀቅ እያደረገ ለጓደኛው ምልክት እንደሚሰጠው ማለት ነው።

ርቀቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ድክመት ይመስላል፤ ለእኔ ግን ልኩ ነው። በዚህ ዓይነት ካርድ መክፈል የፈለገ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ያልፈለገ አይዘረጋም። በስልክ መክፈል፣ የጆሮ ማዳመጫን ነካ አድርጎ ከስልክ ጋር ማገናኘት፣ የዘመኑን ፓስፖርት ቺፕ በስልክ ማንበብ፣ ሁሉም በዚሁ የ13.56 ሜጋኸርዝ መንደር የሚኖሩ ናቸው።

ሽቦው የቱንም ያህል ቢያምር ግን የሰው እጅ አለ። ጃፓኖች ይህን በባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው ያዩት። የባቡር ኩባንያው ጄአር ኢስት ሱይካ የተባለውን የመሳፈሪያ ካርድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት፣ በ1990ዎቹ፣ ሰዎች በሙከራ በር እንዲያልፉ ተደረገ። ካርዱና በሩ ለመነጋገር የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ይበቃቸዋል፤ ሰዎቹ ግን አንዱ ካርዱን አቁሞ ያሳያል፣ ሌላው አውለብልቦ ያልፋል፣ ሌላው የት ማስጠጋት እንዳለበት ይፈልጋል። ንድፍ አውጪው ሹንጂ ያማናካ የተለያየ ቅርጽ ሠርቶ የሰዎቹን እጅ ተመለከተ። መፍትሔው ማንበቢያውን ወደ መንገደኛው 13.5 ዲግሪ ማዘንበልና የሚነካውን ቦታ በብርሃን ማሳየት ሆነ። ያ ዝንባሌ እጅን ለአፍታ ያሳርፋል፤ ማንም ሳያስተምረው ሰው ካርዱን አስተኝቶ ነካ ያደርጋል። (13.5ና 13.56 መመሳሰላቸው እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው።) ከሽቦው ጥበብ ይልቅ ይህችን ዝንባሌ አደንቃለሁ፤ ሽቦው ሕግ አለውና ይሰላል፣ የሰውን እጅ ግን ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

እናንተም ነጭ ካርድ ካላችሁ በጨለማ የስልካችሁን ባትሪ ከሥሩ አብሩና እዩት። በባቡር በር ወይም በመክፈያ ማሽን ፊት ስትቆሙ ደግሞ ቦርሳችሁን እንዳለ አታስጠጉ፤ ሁለት ካርድ ባንድ ጊዜ ሲመልስ ማሽኑ ወይ ይዘጋባችኋል፣ ወይ ሳትፈልጉ ከሌላው ካርድ ይቆርጣል። አንዱን ብቻ አውጡ።