«ፎክር ያለው ማን ነው?» — የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን
ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ አምቦ ሄጄ ነበር። የመልሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ በአገሩ በጌረርሳ የታወቁ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጌረርሳ በኦሮሞ ዘንድ ጀግናና አዳኝ የሠራውን እየቆጠረ፣ የተበደለም በደሉን እየዘረዘረ የሚያሰማው ዜማ ነው፤ ለፉከራና ለቀረርቶ የሥጋ ዘመዱ ይመስለኛል። ወግ ስንጀምር የጌታቸው መኩሪያን «ሽለላ» ከስልኬ ከፈትኩላቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣

«ይህ ሰው ምን ገድሎ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልገደለም አባባ፤ ሙዚቀኛ ነው።»

«ታዲያ ፎክር ያለው ማን ነው፣ ልጄ?»

ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። ጊንጪን አልፌ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ስለ ጌታቸው የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር «ማንን ይመስላል?» ብለው ይነሣሉ። ሽማግሌው የጠየቁት በምን መብት እንደሚናገር ነው። በድሮው ወግ ማንም ተነሥቶ አይፎክርም፤ የሠራ ነው የሚፎክረው። ታዲያ የጌታቸው ሥራ ምንድን ነው?

ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ሞክሯል፤ ከዚያ ክላርኔት፣ ቀጥሎም ሳክስፎን ያዘ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ አባል ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ወደዚያው ኦርኬስትራ ገባ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። እነዚህ ቤቶች ኖታ የሚነበብባቸው፣ እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ መምህራን የአውሮፓን ስምምነተ ድምፅ ያስተማሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ሳክስፎንም እዚያ የሰልፍና የዳንስ መሣሪያ ነው። ጌታቸው ግን በዚሁ የናስ መሣሪያ የጦር ሜዳውን ሽለላ መንፋት ጀመረ።

ጃዝን ከክላሲክ ጋር ያጋቡ ሳክስፎኒስቶች በሌላውም ዓለም አሉ። አሜሪካዊው ስታን ጌትዝ በ1961 እ.ኤ.አ. በቀረጸው «ፎከስ» ሳክስፎኑን ከቫዮሊኖች ጓድ ጋር አገናኝቷል። እኛ አገር ግን ክላሲክ ሲባል ባኽና ሞዛርት ብቻ የሚታሰበን ለምንድን ነው? ሕግ ያለው፣ በቃል ሲወርድ የኖረ፣ ለመያዝ ዕድሜ የሚጠይቅ ሙዚቃ ክላሲክ ከተባለ ቀረርቶም ክላሲክ ነው። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ሲያናግር ሼክስፒርን ለእኛ አንደበት እንዳስገዛ ሁሉ፣ ጌታቸውም ሳክስፎንን ለእኛ ጉሮሮ አስገዛ። ሁለቱም በአንድ ቴአትር ቤት ጣሪያ ሥር መሥራታቸው ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ገደማ በፊሊፕስ የታተመውን የጌታቸውን ሸክላ የሰማ ሰው ይህን ይረዳዋል። በ«ሽለላ» ውስጥ ዜማው የሚለካው በከበሮ ምት ሳይሆን በትንፋሽ ነው። ድምፁ ይነሣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሻክራል፣ ድንገት ይቆረጣል፤ ልክ ፎካሪ ቃሉን ወርውሮ ወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ እንደሚያደርገው። ፈረንጆች ይህን ሲሰሙ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን አነሡ፤ «ነጻ ጃዝ» አሉት። ነገር ግን ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የጀመረው የኮልማን የመጀመሪያ ሸክላ በ1958 እ.ኤ.አ. ከመቀረጹ በፊት ነው። ደግሞስ ምኑ ነጻ ነው? ኮልማን ከሕግ ሲሸሽ ጌታቸው ሕግ ሲጠብቅ ነበር፤ መንገዳቸው ተቃራኒ ሆኖ ድምፃቸው መንታ መንገድ ላይ ተገናኘ።

ሸክላው ግን ጉድለት አለው። አጃቢዎቹ ትሑታን ናቸው፤ ምታቸውን ጠብቀው ከኋላ ይሄዳሉ እንጂ አይመልሱለትም። ጌረርሳ ሲባል ከበው የሚያደፋፍሩ ሰዎች አሉ፤ ፉከራም «በለው!» የሚል ይፈልጋል። ያለ እነሱ ጀግናው ብቻውን የሚጮህ ይመስላል። በዚያ ሸክላ ላይ ጌታቸው አንዳንዴ ብቻውን ነው።

ይህን ጉድለት የሞሉለት ሆላንዳውያን መሆናቸው ይገርመኛል። ሥራው በ2003 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ እንደገና ታተመ። ቀጥሎ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የፓንክ ባንድ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞአ አንበሳ»ን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ»ን አወጣ። ጊታሮቻቸው ሻካራ ናቸው፣ ከበሮአቸው ይንጫጫል፤ ለስላሳ ጆሮ ያለው ሰው ይሸሻቸው ይሆናል። ሆኖም ቋንቋውን የማያውቁት እነዚህ ሰዎች «በለው!» ማለትን ያወቁበት ይመስለኛል። የሰባ ዓመቱ አዛውንት የአንበሳ ጎፈሩን ደፍቶ ሲነፋ ከኋላው ጓድ አለ። ትንሽ የሚያስከፋኝ ግን አለ፤ ይህ ጎፈር ለአውሮፓ ታዳሚ ጌጥ ሆኖ እንዲቀር አልወድም። አንበሳው ድምፁ ውስጥ ነበርና።

ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፈ። ከእሱ በኋላ በየሆቴሉ የምሰማቸው ወጣት ሳክስፎኒስቶች ጣታቸው ፈጣን፣ ንባባቸው የተስተካከለ ነው። ዜማዎቹንም አንድ በአንድ ይደግሙለታል። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። የእሱ ትምህርት ጆሮን ወደ ወላጅ ጉሮሮ መልሶ መሣሪያውን ማስገደድ እንጂ ዜማውን መቅዳት አልነበረም። የይፋቱ ልጅ የሰማውን ሽለላ ነፋ። የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ልጆችስ በደጃቸው ጌረርሳ እያለ የማንን ሊነፉ ነው?

አሁን ለሽማግሌው መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ለሰልፍ የመጣን ባዕድ መሣሪያ አስገብሮ የአያቶቹን ቃል ያናገረ ሰው ሥራ ሠርቷል፤ ይፎክር። ደግሞም እሳቸው ራሳቸው ሳይፈቅዱለት አልቀሩም። የዚያን ዕለት ከጥያቄያቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«እስቲ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።