ከአሮጌ በር የሚወጣ የሥራ ጠረጴዛ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ የጭቃ ቤት ሲፈርስ የሚወልቀውን የዋንዛ በር ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ጠረጴዛ የሚያደርጉ አናጢዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ባለሙያው የዛገውን ምስማር በጉጠት ነቅሎ፣ የተደራረበውን ቀለም በመላጊያ ሲያነሳው፣ የእንጨቱ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ይወጣል፤ ከሁሉ የሚደነቀው ግን ለዓመታት የደረቀው ዋንዛ እንደ እርጥብ ጣውላ አለመጣመሙ ነው። በአንጻሩ ለጠረጴዛ የሚውለው ቺፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል። የበሩ ጠረጴዛ እግር የሚበጀው ከዚያው ከፈረሰው ቤት ወራጅ፣ ጣሪያውን ይሸከም ከነበረው ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ የእንጦጦን ተዳፋት የሸፈነው ዛፍ ነው። ይህ ሙያ ባይኖር በሩም ወራጁም ማገዶ ይሆኑ ነበር። ቤቱን የሚያፈርስ ሁሉ በሩን ከመፍለጡ በፊት አናጢ ያማክር።