አዲስ በተጫነ ሊኑክስ ላይ ስለሚገኘው የሶፍትዌር ምንጮች ዝርዝር የቀረበ ሂስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአበው ብሂል ለኮምፒዩተር ትምህርት የተነገረ አይደለም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ሊኑክስን በኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖ በጨረሰበት ሰዓት አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባ ቃል ይመስለኛል። ከመጫኑ ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ኮምፒዩተር ከእንግዲህ ወዲህ ሶፍትዌሩን ከየት ይቀዳል የሚል ነውና። የጥያቄው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት መስመር በማይበልጥ አንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው ያሰብሁት ድርሰት ይኸው ፋይል ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎች «የኮምፒዩተር ፋይል እንዴት እንደ ድርሰት ሊተች ይችላል?» ይሉ ይሆናል። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ውል የሚተቸው በቃላቱ ውበት ሳይሆን በቃላቱ ግልጽነትና ቃላቱ በሚያስከትሉት ነገር ነው። የምንጮች ዝርዝርም ውል ነው። ባለ ኮምፒዩተሩ ማንን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚቀበልና እስከ መቼ እንደሚቀበል የሚገልጽ ውል ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ይህን ውል ሳናነበው እንፈርመዋለን፤ ከዚያም አልፎ ሌላ ሰው የጻፈውን ገልብጠን በላዩ ላይ እንለጥፍበታለን። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ልማድ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው። ስሕተቱም የተማሪው ብቻ እንዳልሆነ፣ ዝርዝሩን የሚጽፈው የመጫኛ ፕሮግራምና ገልባጭ የሚያደርገን መመሪያም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ለማመልከት እሞክራለሁ።

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት እንያዝ። ዴቢያን በ1993 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኢያን መርዶክ የተጀመረ ሲሆን፣ ኡቡንቱን የመሳሰሉ ሌሎች ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ከእርሱ ተገኝተዋል። ጥቅሎችን ከማከማቻ አምጥቶ የሚጭነው አፕት የተባለው መሣሪያ በ1999 በወጣው ዴቢያን 2.1 ውስጥ ገብቶ እስካሁን ያገለግላል። ጁን 10 ቀን 2023 የወጣው ዴቢያን 12፣ በቅጽል ስሙ ቡክዎርም፣ 64,419 ጥቅሎች ነበሩት። እንግዲህ ይህን የሚያህል ጎተራ የሚከፈተው ጥቂት ቃላት ባሉት አንድ መስመር መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

በተለመደው አጻጻፍ አንዱ መስመር አራት ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው ዴብ የሚለው ቃል ሲሆን ለመጫን የተዘጋጁ ጥቅሎችን እንደምንፈልግ ይናገራል። ሁለተኛው የማከማቻው አድራሻ ነው። ሦስተኛው የትውልዱ ስም ነው፤ ለምሳሌ ቡክዎርም። አራተኛው የክፍሉ ስም ነው። ሜን የተባለው ክፍል ዴቢያን ነጻ ሶፍትዌር ብሎ የተቀበለውን ብቻ ይይዛል። ኮንትሪብ የተባለው ራሱ ነጻ ሆኖ ነጻ ባልሆነ ነገር ላይ የሚደገፈውን፣ ነን ፍሪ የተባለው ደግሞ በፈቃዱ ረገድ ነጻ ያልሆነውን ይይዛል።

በመጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። ይህ አጻጻፍ በጥቂት ቃል ከየት፣ የትኛውን ትውልድ፣ በምን ዓይነት ፈቃድ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ይመልሳል። ብዙ የንግድ ሶፍትዌሮች እነዚህን ጥያቄዎች ባለቤቱ እንዲጠይቅ እንኳ ዕድል አይሰጡትም። የዴቢያን ሰዎች ግን መልሱን በግልጽ ጽፈው፣ ሊለወጥ በሚችል ፋይል ላይ አኑረውታል። በ2022 ድምፅ ሰጥተው የወሰኑት ውሳኔም የዚህ ቅንነት ምሳሌ ነው። ቀድሞ የላፕቶፑ ዋይፋይ እንዲሠራለት ፈርምዌር የፈለገ ሰው የነን ፍሪን ክፍል በሙሉ መክፈት ነበረበት። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን ፈርምዌሩ ነን ፍሪ ፈርምዌር በተባለ የራሱ ክፍል ተለየ። ለችግሩ ሲባል ነጻ ያልሆነ ነገር ይግባ ተባለ፤ መግባቱ ግን አልተደበቀም፤ በስሙ ተጽፎ በመስመሩ ላይ ይነበባል።

ወደ ነቀፌታው ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚነሣው ስቴብል የሚለው ቃል ነው። በትውልዱ ስም ፈንታ ይህን ቃል መጻፍ ይፈቀዳል። ትርጉሙም የረጋ ወይም የጸና ማለት ስለሆነ ጀማሪውን ደስ ያሰኘዋል። ዳሩ ግን ቃሉ የሚያመለክተው አንድ የታወቀ ትውልድ ሳይሆን በየጊዜው ጸና የሚባለውን ነው። እስከ ጁን 2023 ድረስ ቡልዛይ የተባለውን ዴቢያን 11 ያመለክት ነበር፤ ከዚያ ቡክዎርምን አመለከተ፤ ከኦገስት 9 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ትሪክሲ ወደተባለው ዴቢያን 13 ተሻገረ። በመስመሩ ላይ አንድም ፊደል ሳይለወጥ የመስመሩ ትርጉም ይለወጣል። እንግዲህ የረጋ የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የማይረጋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ድንገተኛ ለውጥ የማይፈልግ ተማሪ የትውልዱን ስም ቢጽፍ ይሻለዋል። ወደ አዲሱ ትውልድ የሚሻገርበትን ቀን ራሱ ይመርጣልና።

ሁለተኛው ነቀፌታ በመጫኛው ፕሮግራም ላይ ነው። ጫኚው ኔትዎርክ በሌለበት ቦታ ከዲስክ ቢጭን፣ ፕሮግራሙ ዲስኩን ራሱን እንደ ምንጭ ይጽፈዋል። የጸጥታ ማስተካከያ የሚመጣበትን ማከማቻ ማግኘት ሲያቅተውም፣ ያን መስመር በፊቱ ምልክት አድርጎ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ በመጫኑ መካከል አንድ ማስታወቂያ ያሳያል፤ በፋይሉም ውስጥ መስመሩ ለምን እንደታገደ ይጽፋል። ሆኖም ማስታወቂያው አንድ ጊዜ ታይቶ ያልፋል፤ በፋይሉ የተጻፈውንም የሚያየው ፋይሉን የሚከፍት ሰው ብቻ ነው። ኔትዎርኩ በማግሥቱ ቢመጣ መስመሩ በራሱ አይመለስም። የኔትዎርክ መቋረጥ በሚበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ባለቤቱን የሚያስታውስበት ሁለተኛ ጊዜ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ሦስተኛውን ነቀፌታ ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ዴቢያን 12ን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከጫንሁ በኋላ፣ ለዴቢያን 10 የተጻፈ አንድ መመሪያ አግኝቼ መስመሮቹን ገለበጥሁ። የአሮጌውን ትውልድ ስም በአዲሱ ስተካ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። የጸጥታው መስመር ግን ስሕተት አለብህ እያለ አስቸገረኝ። ከ2021 ወዲህ፣ ማለት ከዴቢያን 11 ጀምሮ፣ የጸጥታው ክፍል አጠራር መለወጡን አላወቅሁም ነበር። ቀድሞ የትውልዱ ስም፣ እዝባርና አፕዴትስ የሚለው ቃል ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የትውልዱ ስም፣ ሰረዝና ሴኩሪቲ የሚለው ቃል ይጻፋል። እኔም ምክንያቱን ከመመርመር ይልቅ መስመሩን ሰረዝሁት። ስሕተቱም ጠፋ፤ ኮምፒዩተሩም ዝም አለ።

ከወራት በኋላ አንድ መምህሬ ማስታወሻዬን በላፕቶፑ ላይ ሲመለከቱ፣ «ለመሆኑ ይህ የድረ ገጽ ማሰሻህ ከታደሰ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የጸጥታ ማስተካከያዎች ውለው አድረው ወደ ዋናው ማከማቻ የሚገቡት በየጥቂት ወራት በሚወጣው እርማት ነው፤ እስከዚያ ግን በሩን ክፍት ትቼው ኖሬያለሁ። ከዚህም በላይ የገለበጥሁት መመሪያ ነን ፍሪ ፈርምዌር የሚባለው ክፍል ከመፈጠሩ በፊት የተጻፈ ስለነበር፣ የፈርምዌሩ ማደሻም እንደዚሁ ተቋርጦ ነበር። ለዚህኛው የስሕተት ማስታወቂያ እንኳ አልወጣም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በምንጮች ዝርዝር ዘንድ ግን ዝምታ አንዳንድ ጊዜ የሕመም ምልክት ነው።

ጥፋቱ በዋናው የእኔ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መመሪያው ለየትኛው ትውልድ እንደተጻፈ በራሱ ላይ ቢገልጽ፣ እያንዳንዱም መስመር ለምን እንደተጻፈ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ኖሮ ባልተሳሳትሁ ነበር። «ይህን ገልብጠህ ለጥፍ» የሚለው የማስተማር ዘዴ ሥራውን ያፋጥናል፤ ተማሪውን ግን አያስተምርም። መስመሩ የሠራለት ሰው ለምን እንደሠራለት አያውቅም፤ ያልሠራለትም ለምን እንዳልሠራለት አያውቅም።

ከሁሉ የሚከፋው የገልባጭነት አደጋ የሚታየው የውጭ ማከማቻ ሲጨመር ነው። በዴቢያን ዘንድ በ2007 ከወጣው ዴቢያን 4.0 ጀምሮ አፕት ፊርማን ይመረምራል። ማከማቻው አንድ የማውጫ ሰነድ በቁልፉ ፈርሞ ያወጣል። በሰነዱ ላይ የጥቅሎቹ ዝርዝር የሚረጋገጥበት አኃዝ አለ፤ በዝርዝሩም ላይ እያንዳንዱ ጥቅል የሚረጋገጥበት አኃዝ አለ። በዚህ ሰንሰለት የተነሣ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ጥቅሉን ቢለውጠው ይታወቅበታል። ሰንሰለቱም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ በጃንዋሪ 2019 በአፕት በራሱ ውስጥ ሰንሰለቱን ለማታለል የሚያስችል ስሕተት ተገኝቶ በአስቸኳይ ታርሟል። የሆነው ሆኖ ፊርማው የሚያረጋግጠው ጥቅሉ ከቁልፉ ባለቤት መምጣቱን ብቻ ነው። የቁልፉ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም።

ጥቅል በሚጫንበት ጊዜ ውስጡ ያሉት ትእዛዞች በኮምፒዩተሩ የበላይ ሥልጣን ይፈጸማሉ። ስለዚህ የአንድን ሰው ማከማቻ በዝርዝሩ ላይ መጨመር ለዚያ ሰው የቤትን ቁልፍ ማስረከብ ነው። ለአንድ ቀን ብቻም አይደለም፤ መስመሩ እስካለ ድረስ በእያንዳንዱ ማደሻ ጊዜ ነው። ብዙ ዘመን ሲሠራበት በኖረው አፕት ኪይ በተባለው ዘዴ የተጨመረ ቁልፍ ደግሞ ለራሱ ማከማቻ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ማከማቻ ሊፈርም ይችል ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬ የተሻረ ነው። በፈንታው ሳይንድ ባይ በተባለው ቃል አንዱ ቁልፍ ለአንዱ ምንጭ ብቻ እንዲያገለግል መወሰን ይቻላል። ለዚህም የሚስማማ፣ እያንዳንዱን ነገር በስሙ ለይቶ በየመስመሩ የሚጽፍ አዲስ የአጻጻፍ ሥርዓት አለ፤ ኡቡንቱ በ2024 ባወጣው 24.04 ላይ ምንጮቹን በዚሁ ሥርዓት ጽፏል። አዲሱ አጻጻፍ ከአሮጌው ቢረዝምም ለአንባቢ የቀለለ ስለሆነ እደግፈዋለሁ። አሮጌዎቹ መመሪያዎች ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ ይገለበጣሉም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «ጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ እንዲያውቅ መጠየቅ ከሊኑክስ ማራቅ ነው፤ መጀመሪያ ይሥራለት፣ ኋላ ይማራል» ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለበት። እኔም ብሆን በመጀመሪያው ቀን የፊርማን ሰንሰለት ቢያስረዱኝ ኖሮ ዲስኩን መልሼ እሰጥ ነበር። ሆኖም «ኋላ ይማራል» የሚለው ተስፋ የሚፈጸመው ኋላ የሚያስተምር ነገር ሲኖር ነው። የሠራ ነገር ግን ማንንም ወደ መመርመር አይጋብዝም። ስለዚህ ከጀማሪው የምጠይቀው ዕውቀትን ሳይሆን ልማድን ነው፤ ፋይሉን ሳያነቡ አለመለወጥን።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ሊኑክስን የጫነ ሰው የምንጮቹን ዝርዝር ከፍቶ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ። ይህ ማከማቻ የማን ነው? ለጫንሁት ትውልድ የተጻፈ ነው? መስመሩን ባጠፋው ምን ይቀርብኛል? መልስ ያላገኘለትን መስመር አይጨምር፤ ስሕተት የሚያወጣውንም መስመር ምክንያቱን ሳያውቅ አይሰርዝ። በትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ክፍል የሚያስተምሩ መምህራንም በመጫኛው ትምህርት መጨረሻ ላይ ይህን ፋይል ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ጊዜ በመስመር በመስመር ቢያነቡት፣ የሚወስደው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። መመሪያ የሚጽፉ ጓደኞቻችንም በአናቱ ላይ የትውልዱን ስምና የጻፉበትን ቀን ቢያኖሩ ብዙ ሰው ከጥፋት ያድናሉ።

ዴቢያን ውሉን በግልጽ ቋንቋ መጻፉ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን በግልጽ የተጻፈ ውል ካልተነበበ በስውር ከተጻፈ ውል የሚለይበት ነገር የለም። እኔ ያን የሰረዝሁትን መስመር በትክክለኛው አጠራሩ መልሼ ጽፌዋለሁ፤ በዚያው ቀንም የተጠራቀሙት ማስተካከያዎች ሲገቡ ኮምፒዩተሩ ብዙ ሰዓት ወሰደ። በእነዚያ ወራት በክፍቱ በር ማን ገብቶ እንደነበረ ግን ዛሬም ቢሆን ላውቅ አልችልም።